ከሠርካለም ሳሎን በአንድ አግዳሚ የሚበልጥ

ቄስ መልከ ጼዴቅ ዳቦውን ባርከው፣ ጠላውን ቀምሰው ሲያበቁ ለምርቃት ቆሙ። «እመቤታችን ይህን ቤት ቤተ አብርሃም ታድርገው። የተራበ የሚጠግብበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት፣ በሩ የማይዘጋ ቤት ይሁን» አሉ። በሳሎኑ ዙሪያ በአግዳሚ የተደረደሩት የማርያም ማኅበር ሴቶች «አሜን» ካሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሠርካለም መለሱ። ሠርካለም ከቡፌው አጠገብ ሶፋዋ ላይ እንደተቀመጠች የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ብቻዋን፣ እንደገና «አሜን፣ አባቴ» አለች። ታናሽ እህቷ የሺወርቅ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ሥር ቆማ ነበር። የጥቅምት ማርያም ተራ የእሷ ነው። ዳቦውን የደፋችው፣ ጌሾውን ወቅጣ ጠላውን የጠመቀችው፣ ንፍሮውን የቀቀለችው እሷ ናት። ቤቱ ብቻ የእህቷ ነው፤ ምርቃቱም ቤቱን ተከትሎ ሄደ።

ይህ የዘንድሮ ብቻ አልነበረም። የሺወርቅ ከባሏና ከልጇ ጋር የምትኖረው ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ተራዋ በደረሰ ቁጥር የእድሩን አግዳሚዎች በጋሪ አስጭና፣ ዳቦውን በመሶብ አሸክማ፣ ጀሪካኑን ራሷ ይዛ አስፋልቱን ተሻግራ ወደ ሠርካለምና ባሏ ተክለ ማርያም ቤት ትሄዳለች። የእህቷ ሳሎን ሰፊ ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ መስኮቱ ሁለት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጠርጋ፣ ብርጭቆ አጥባ፣ አግዳሚውን መልሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሴቶቹ በመንገድ ላይ «የሠርካለም ቤት ሲገቡበት እንዴት ደስ ይላል» ይባባላሉ። እሷም አብራቸው «አዎ፣ ደስ ይላል» ትላለች። ስለ ጠላው የሚያነሣ ካለ መቅጠኑን ሊናገር ነው።

ማንቆርቆሪያውን ልትሞላ ወደ ጓሮ ስትወጣ የማድ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ድምፅ ይሰማል። «እነየሺ ዛሬ ፕላን ሊያስነሡ ነው አሉ?» እያሉ ሠርካለምን ይጠይቃሉ።

«ከሰዓት ነው ቀጠሯቸው» አለች ሠርካለም።

«እህ፣ ስንት ክፍል ሊሆን ነው?»

«ለሦስት ሰው ምን ይበዛል፣ እትዬ። ሁለት መኝታና ትንሽዬ ሳሎን ይበቃቸዋል። ሰፊ ቤት ትርፉ ጠራጊ ማጣት ነው። ማኅበሩን እንደሁ እዚሁ እኔ ጋ ታደርገዋለች፤ መቼ ጨክኜባት አውቃለሁ።»

በድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ለየሺወርቅ ይቀላት ነበር። ክፋትን ሰው ይመልሰዋል፣ ወይም ይዞት ይተኛል፤ ደግነት ግን አመሰግናለሁ መባል ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እሷም ያንን ለዓመታት ስትለው ኖራለች። ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እየቀዳች ግድግዳውን ታይ ጀመር። የእድሩ አግዳሚዎች የአንድ አናጢ ሥራ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይረዝምም፣ አያጥርም። በመስኮቶቹ ሥር ሦስት፣ በቡፌው ፊት ለፊት ሁለት፣ በበሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ። ስምንት። እንደገና ከጥጉ ጀምራ ቆጠረች፤ ስምንት ነው። «የሺ፣ ፈሰሰ እኮ» አለቻት አንዷ ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ። የሺወርቅ በነጠላዋ ጫፍ የሴትዮዋን ጉልበት እያበሰች በልቧ «ዘጠኝ» አለች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ሃብተ ጊዮርጊስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ የቦታውን ካርታ በፕላስቲክ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ቦታውን ያገኙት ከሌሎች መምህራን ጋር ተደራጅተው፣ ከደመወዙ ለዓመታት እየተቆረጠ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲሚንቶ ሲወደድ፣ ቆርቆሮ ሲወደድ፣ ብሎኬት ሲወደድ እያዩ ቤቱን በሐሳባቸው ደጋግመው አሳንሰውታል። ያላሳነሱት አንድ ነገር የሊድያ ክፍል ነበር። ሊድያ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የምትተኛው ከመጋረጃው ወዲያ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። አባቷ ሲያስል ትነቃለች፤ እሷ ገጽ ስትገልጥ እናቷ ትነቃለች። ስለዚህ ማጥናት ሲያምራት የአከራያቸው በረንዳ ላይ ሳፋ ገልብጣ ትቀመጣለች፣ አከራይዋ ቆጣሪው እንዳይቆጥርባቸው መብራቱን ቶሎ እስኪያጠፉት ድረስ። ሲያጠፉባት አትናገርም፤ መጽሐፏን ዘግታ ትገባለች። «በር ያለው ክፍል» ብላ የነበረችው ራሷ የሺወርቅ ናት። «ከውስጥ የምትዘጋው።» በዚህ ከተስማሙ ወራት አልፈዋል።

ፕላን የሚሠራው ምስክር ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ አምስተኛ ክፍል ያስተማረው ልጅ ስለሆነ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው። «መምህር፣ ይግቡ። እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ያኛው ወንበር እግሩ ልክ አይደለም» አለ። ከዚያም አስቀድሞ ያዘጋጀውን ዘረጋላቸው። ሁለት መኝታ፣ ከመካከላቸው መታጠቢያ፣ በስተኋላ ማድ ቤት፣ ከፊት ሳሎን። የልጅቷን ክፍል መስኮት ወደ ምሥራቅ አድርጎታል። ሃብተ ጊዮርጊስ መነጽሩን አጥልቆ መስኮቱን በጣቱ ነካው፣ ፈገግ አለ።

«ሳሎኑ ስንት አግዳሚ ይይዛል?» አለች የሺወርቅ።

ምስክር ሳቅ አለ። «የእድር አግዳሚ?»

«የእድር።»

«ደባርቅ ውስጥ በሜትር የምታወራኝ እናት አላገኘሁም፣ እትዬ። ለዚሁ ብዬ ሄጄ ለክቸዋለሁ፤ ሁለት ሜትር ተኩል ነው።» እርሳሱን አንሥቶ ግድግዳውን ተከተለ። «ይቺ አራት ትይዛለች። ጠበብ ብለው።»

«እኔ ዘጠኝ የሚይዝ ነው የምፈልገው።»

ሃብተ ጊዮርጊስ መነጽሩን አወለቀ። ሚስቱን አላያትም፤ መነጽሩን ነው ያየው። ምስክር አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ተመለከተና ቤቱን አጠቃላይ ማስፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። «ቦታው ይፈቅዳል» አለ ሃብተ ጊዮርጊስ ቀስ ብሎ፣ «ብሎኬቱ ነው የማይፈቅደው።» እንግዲያውስ ግድግዳ መግፋት ነው፣ አለ ልጁ። ላጲስ አነሣ። ሳሎኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ መታጠቢያው ወደ ጓሮ ሸሸ፣ የምሥራቁ መስኮት ጠፋ። በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ «መኝታ ሁለት» ብሎ ሊጽፍ ጀመረና እጁ ቆመ። «መምህር ፊት መዋሸት አይሆንልኝም» አለ። «ይቺ ዕቃ ቤት ናት። መኝታ ልላት እችላለሁ፤ ዕቃ ቤት ናት።»

«አልጋ ይገባል?» አለች የሺወርቅ።

«አልጋ ይገባል። አልጋ ገብቶ ሌላ ምንም አይገባም።»

«ትልቅ ልጅ ናት፤ ነገ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፣ ታገባለች። ሳሎን ግን ይኖራል።» ይህን ስትል ድምጿ ለራሷም የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት። ሃብተ ጊዮርጊስ ካርታውን መልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ ከተተ። ምስክር ንድፉን ከማስተካከሉ በፊት መሬት ላይ ለክተው እንደሚያዩትና ዛሬውኑ ደርሰው እንደሚመለሱ ነገረውና ወጡ።

በመንገድ ላይ ሃብተ ጊዮርጊስ ከአንድ ሱቅ ሲባጎ ገዛ፤ ባለ ሱቁ ወደደ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቀው «ምን ያልወደደ አለ» ብሎ ከፈለ። ለካስማ የሚሆን የባሕር ዛፍ እንጨት ሊድያ ሲደወልላት ከቤት ይዛ መጥታ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ቦታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ከሚጀምርበት ትንሽ ወዲህ ነው። አጠገቡ ገና ያልታጨደ ገብስ አለ። ነፋሱ ከገደሉ በኩል እየመጣ የገብሱን ራስ ወደ ከተማው ያጎነብሰዋል። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ መሠረት አውጥተዋል፣ አንዱ ቆርቆሮ ላይ ደርሷል፤ የሺወርቅ ባለፈች ቁጥር የሰዎቹን ሳሎን በዓይኗ ትለካለች። ዛሬ ግን የማንንም አላየችም። አባትና ልጅ ካስማ ሲመቱ፣ ሲባጎ ሲወጥሩ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ በሜትር እየለካ ቁጥር ሲጠራ እሷ በሳሎኑ መካከል ቆማ ትዞር ነበር። በዚህ በኩል ሦስት። በዚያ ሦስት። እዚህ ደግሞ ቄስ መልከ ጼዴቅ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በዚህ ጥግ። ሠርካለም ደግሞ እዚያ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት። ቄሱ ቆመው ሲመርቁ ሴቶቹ ፊታቸውን ወዴት እንደሚመልሱ አየችው። በበሩ ሥር የምትቆመው ሠርካለም ሆና፣ ዓይኖቿ በግድግዳው ላይ እየሄዱ አግዳሚውን ሲቆጥሩ፣ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ አየች። ለዚያች አንዲት ሰዓት ስትል ብሎኬቱን አንድ በአንድ በራሷ ጀርባ ብትሸከመው አይከብዳትም ነበር።

«እማዬ፣ የእኔ ክፍል ይቺ ናት?»

ሊድያ በሲባጎው ውስጥ ቆማ ነበር። እጆቿን ብትዘረጋ ከሁለቱም በኩል ከግድግዳው ያልፋሉ። «አልጋው በየት በኩል ይሆናል?» ብላ ጠየቀች፤ እናቷ በጣቷ አሳየቻት። ሊድያ ቀሚሷን ሰብስባ አፈሩ ላይ ተጋደመች። ራሷ አንደኛውን ሲባጎ ነካ፣ እግሯ በሌላኛው ሥር አልፎ ወጣ። «እግሬ ማድ ቤት ገባ» ብላ ሳቀች።

«በርዝመቱ ተኚ።»

«በርዝመቱ ከሆነ በሩ አይከፈትማ።» ተነሥታ አፈሩን ከቀሚሷ አራገፈች። አባቷ በሌላው ጥግ ካስማ እየመታ ነበር፤ የተመታውን ካስማ ነበር እንደገና የሚመታው። ሊድያ ወደ እሱ አየችና ወደ እናቷ ተመለሰች። «ግድ የለም፣ እማ። ሁለት ዓመት እኮ ነው፤ ከዚያ ብሔራዊ ፈተናውን ካለፍኩ እሄዳለሁ። ካላለፍኩ ደግሞ ምን ያደርግልኛል ክፍል» አለች። ተቆጥታ ቢሆን የሺወርቅ የምትመልሰው ነበራት። አንድም ቀን መብራት ሲያጠፉባት ያልተናገረች ልጅ አሁንም አልተናገረችም።

«ቤቶች» የሚል ድምፅ ከመንገዱ በኩል መጣ። ሠርካለም በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ፣ በሩ ይሆናል ተብሎ ሁለት ካስማ በተተከለበት ቦታ ላይ ቆማለች። በሲባጎው ላይ መሻገር ስትችል በበሩ ነው የመጣችው።

«ይግቡ፣ እትዬ ሠርኬ» አለች ሊድያ እየሳቀች፤ «በሩ ክፍት ነው።»

ሠርካለም ጎንበስ ብላ ገባች። «የተረፈውን ዳቦ ረስታችሁት ሄዳችሁ፤ አገሬው ሳይጨርሰው ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ዞረች። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ እስከ ጥጉ ሄዳ ተመለሰች። የሺወርቅ የእህቷን ዓይኖች ትከተል ነበር። ልክ እንዳሰበችው በግድግዳው ላይ ይሄዱ ነበር።

«ይህ ሁሉ ሳሎን ነው?»

«ሳሎን ነው፣ እታለም።»

«ከእኔው ይበልጣል መሰለኝ።»

«እንጃ። እኩል ሳይሆን አይቀርም» አለች የሺወርቅ። ፊቷን ወደ ገብሱ መለሰች፤ ደስታዋ እንዳይታይባት።

«አይ፣ ይበልጣል። እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሠርካለምና ዳቦውን ከጨርቁ ፈትታ ለሊድያ ቆረሰችላት። ሌላ ቁራሽ ለሃብተ ጊዮርጊስ ሰጠች። ድንጋይ አገኘችና ተቀመጠች፣ ሳሎኑ መካከል፣ ጫማዋን አውልቃ። «እንዲህ ከሆነማ ተገላገልሁ» አለች። «ልነግርሽ እየፈለግሁ ያፈርሁት ነገር ነበር። ሳሎኔን ለሁለት ልከፍለው ነው። ተክለ ማርያም መኪና መንዳቱን ከተወ ወዲህ ቤቱን የያዘው ኪራይ ነው፤ የባንክ ልጆች ሁለት ክፍል ፈልገው ሁለት ጊዜ መጥተው ሄዱ። ቺፕውዱን ከገዛሁት ቆይቷል፣ ጓሮ ቆሞ ፀሐይ ይበላዋል። የሺ ማኅበሯን የት ታደርገዋለች እያልሁ ነው የቆየሁት። ተክለ ማርያም ይቆጣኛል፤ በዓመት ለአንድ ቀን ብለሽ፣ ይለኛል።»

የሺወርቅ ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ የመጣባት ግን ማዘን አልነበረም። እንደ ተሰረቀ ሰው ነበር የሆነችው። ሠርካለም ወደዚህ ሳሎን የምትመጣው ሳሎን ከሌለው ቤት ይሆናል። ገብታ ትቀመጣለች፣ ትበላለች፣ ደስ ይላታል፤ ግድግዳውን የምታመዛዝንበት ሌላ ግድግዳ አይኖራትም። ስምንቱ ከሌለ ዘጠኙ ከምን ይበልጣል? ያን ሁሉ ዓመት ተሸክማ ልትናገረው ያልቻለችውን ነገር አንድ የቺፕውድ ግድግዳ ሊዘጋው ነው፤ ያውም ሠርካለም ራሷ በእጇ ታቆመዋለች።

«ታድለሽ» አለች ሠርካለም ሲባጎውን እያየች። «እኔን ስንት ክፍል ይበቃሻል ያለኝ የለም። አማቴ ሠርተው ጨርሰው ቁልፉን ሰጡኝ። ይኸው ባልሽ በገመድ እየለካ ይጠይቅሻል።»

ሃብተ ጊዮርጊስ ዳቦውን ሳይበላው ይዞ ቆሟል። ሊድያ ቁራሿን እየገመጠች በጠባቧ ክፍል በር፣ ትከሻዋ ሲባጎውን እንዳይነካ ተጠንቅቃ ቆማለች። ባዶ ሜዳ ላይ ገመድ እንዳትነካ የምትጠነቀቅ ልጅ። ሁለቱም የሚጠብቁት እሷን ነበር። ሠርካለምም ብትሆን እየጠበቀች ነው፣ ምን እንደምትጠብቅ ባታውቅም። የሺወርቅ በሳሎኑና በልጅቷ ክፍል መካከል ወዳለው ካስማ ሄደች። ይህን ካስማ ብትነቅለው የሚወጣው ቤት የትኛው እንደሆነ ታውቀዋለች። ሁለት መኝታና ትንሽዬ ሳሎን፤ ጠዋት በማድ ቤቱ በር የሰማችው ቤት። ሠርካለም የተናገረችው ቃል ሳይጎድል ይፈጸማል፤ ሠርካለም ነገ ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ «አላልኩም?» ትላለች፣ ያውም ያለ ክፋት። ካስማውን ያዘችው፣ ቆየች። ከዚያ ነቀለችውና ወደ ሳሎኑ ውስጥ ገባች፣ እህቷ ከተቀመጠችበት ድንጋይ አጠገብ አቁማ በድንጋይ መታችው። ሃብተ ጊዮርጊስ ሁለተኛውን ካስማ ነቅሎ በትይዩዋ ተከለ። ሲባጎው ሠርካለምን አልፎ ሲወጠር ሠርካለም በልጅቷ ክፍል ውስጥ ቀረች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች ሠርካለም ቀና ብላ።

«ልጅቷ የምታጠናበት አጣች።»

«እሱስ ልክ ነሽ። እኔም ጠዋት ለእትዬ ወለተ ይህንኑ ነበር ያልኳቸው፤ ሁለት መኝታ…»

«ሰምቻለሁ» አለች የሺወርቅ።

ሠርካለም ጫማዋን ለማድረግ ጎንበስ አለች፣ ሲያቅታት ተወችው። በመካከላቸው ያለው ሲባጎ በነፋሱ ይርገበገባል። ሃብተ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ማኅበሩን በጓሮው በኩል ሸራ ወጥረን እናደርገዋለን፤ የእድሩ ሸራ አለ አይደል» አለ ለማንም ሳይሆን። ሊድያ ምሥራቅ የት እንደሆነ ለማየት ፀሐዩን በእጇ ጋርዳ ዞረች።

«የሺ» አለች ሠርካለም በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ክፉ አስቤ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እታለም።» የሺወርቅ ሲባጎው መላላቱን በጣቷ ሞከረች፣ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። «ቺፕውዱን መቼ ነው የምታስመቺው?»

«እንጃ፣ ልደት ይለፍ ብዬ ነበር። እንግዳ ይመጣል።»

«ከልደት በፊት አስመቺው።»

«ምን አስቸኮለሽ? ያንቺ ተራ እንደሁ ዓመት ነው።»

«ምንም» አለች የሺወርቅ። «ግድግዳው ሳሎንሽ መካከል ቆሞ ልየው ብዬ ነው።»